የአባ ክንድና ዘጠኝ ሰዓት

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁንም 4.1። ሦስተኛ ጊዜ ነው። ላፕቶፑ ግሏል። ሴራሚኩ ላይ አስቀምጬ ቬንትሌተሩን አዞርኩለት፤ እኔ ላብ በላብ።

ደብተሬ፣ አንቺ ኮምፒውተር አልተማርሽምና ባጭሩ ልንገርሽ። የአባቴ ኩላሊት በማሽን የሚታጠብበት ጊዜ እየደረሰ ነው። ለመርፌው ወፍራም የደም ሥር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአምስት ሳምንት በፊት ግራ ክንዱ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አገናኙለት። ደሙ በኃይል ሲያልፍበት ሥሩ በራሱ ጊዜ ይሰፋል። የኔ የማስተርስ ሥራ ደግሞ ያንን መስፋት በኮምፒውተር አስቀድሞ ማየት ነው። ፍሰቱ ሲበዛ ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ሲበዛ ግድግዳው ይወፍራል፤ ሁለቱ እየተጓተቱ ሥሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። በሌሎች ሰዎች መረጃ ሞክሬው ሠርቷል። አባ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። 6 ሚ.ሜ መድረስ የነበረበት 4.1 ላይ ቆሞ የግራፉ መስመር ተጋደመ።

ግንቦት 20 ሐኪሟ ስትለካው 6 ካልደረሰ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና። እስከዚያ አንገቱ ላይ ቱቦ። ቱቦውን ነው የምፈራው። ጎረቤታችን አንገት ላይ ሲያመረቅዝ አይቻለሁ።

አባ ነፋስ ፍለጋ ክፍሌ ገባ። ላፕቶፑን ጧ አድርጌ ዘጋሁት። ምን ይላል አለኝ። እየሠራ ነው አልኩት። ውሸታም ነኝ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

አማካሪዬ ኮዱን ተዪና መረጃውን እዪ ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። መረጃው እኮ አባቴ ነው።

አየሁት ግን። አባ የደም ግፊቱን ራሱ ይለካል፣ በቀኝ ክንዱ (ግራው እንዳይታሰር ተከልክሏል)፣ በየቀኑ 9 ሰዓት። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ቤት ያስገባል፣ ያኔ ያርፋል ብዬ። 165፣ 168፣ 162፣ 166። መሀል ላይ ሁለት ቀን ብቻ 134 እና 136። ጠየቅኩት። ከፍ የሚለው በሙቀት ነው አለ። በነዚያ ሁለት ቀናት ደግሞ ከተማው የባሰ ግሎ ነበር።

ከ1 ሰዓት በኋላ፦ ትዝ አለኝ። በነዚያ ሁለት ቀናት ሮብሌ ጨርቅ ሊያመጣ ጅግጅጋ ሄዶ ነበር። ሮብሌ የአባ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። ቅዳሜ ሱቁ እሄዳለሁ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

የደቻቱን ወንዝ ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ፣ ባጃጅ አጣሁ። ሮብሌ ሱቅ ደረስኩ፣ ልክ 9 ሰዓት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጣቃዎቹ ጀርባ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ አባ። ጉንጩ አብጧል። ጫት! ሐኪሟ የከለከለችው፣ እሱም ከተውኩ ቆየሁ ብሎ ለእማ የማለላት። ቀኝ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያው እየተነፋ፣ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን በጥንቃቄ እየጻፈ።

ሮብሌ አቦ ተቀመጪ አለኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ። መጨረሻ ላይ አባ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ቁጥሩን አልዋሸሁሽም” አለ። “ዋላሂ፣ የተለካውን ነው የጻፍኩት።”

ደብተሬ፣ እውነቱን ነው። ልጮህ ከፍቼው የነበረው አፌ በሳቅ ተሞላ። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አድጌ፣ ከተማው በሙሉ ለጫት በሚቀመጥበት ሰዓት ‘የዕረፍት ግፊት’ ለካ አልኩት! ጫት ግፊት ይጨምራል፤ ሞዴሉ ምን ያድርግ? ግፊቱ ቀንም ሌሊትም 165 የሆነ መሰለው፣ ግድግዳውን አወፈረው። ኮዴ አልተበላሸም። ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም፣ በየመሀሉም እናደዳለሁ። አባቴን በደንብ ልቆጣው ይገባ ነበር። ማታ እቆጣዋለሁ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ተቆጣሁት። እማ ደገመችለት። እስከ ቀጠሮው ላይነካ ቃል ገባ፤ ከዚያ በኋላስ ስለው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አለ።

የሦስት ቀን ልኬት፣ ጠዋትና ማታ፣ ያለ ጫት። 138፣ 135፣ 137… አስገባሁት። 6.3።

ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የምፈልገውን ስለነገረኝ ነው የማምነው? ስንት ጊዜ እንደቃመ በትክክል አላውቅም። ክንዱ የኔን ኮምፒውተር አያዳምጥም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሮብሌም ጫቱን ትቷል። ብቻዬን አልቀመጥም ብሎ ነው። ዛሬ በ9 ሰዓት ባልፍ ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ያንኮራፋሉ፣ ደንበኛ ቆማ ትጠብቃለች። ቀሰቀስኩላት።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

6.1!!!

ሐኪሟ ጄሉን ቀባች፣ መሣሪያውን ክንዱ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ደግማ ለካችና ሥሩ ደርሷል፣ መርፌ ይችላል አለች። ቱቦ የለም። አዲስ አበባ የለም። እጄን ይዛ ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው። ይነዝራል፣ የባጃጅ መሪ እንደያዝኩ። ኮሪደር ላይ አለቀስኩ፣ አልሐምዱሊላህ እያልኩ፣ አባ በቀኝ እጁ ጀርባዬን እየመታ።

ሐኪሟ ለጫቱ ግን ፊት አልሰጠችውም። ሥሩ ደረሰ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም አለችው። አንገቱን ደፋ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰዓት

ትናንት ስንመለስ የነገረኝን መጻፍ አለብኝ። ባጃጅ ውስጥ ነበርን። ያን ሰኞ የዘጋሁትን ስክሪን አይቶት ኖሯል።

“መስመሩ ተኝቶ ነበር” አለ። “ሽቅብ ካልወጣ አላደገም ማለት አይደል? ገባኝ። ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከሮብሌ ጋር ልሄድ ተነጋግረን ነበር፣ አንቺ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ። ክንዱ ካልሆነ ብዬ ጫቱንም ጨመርኩ።”

ጨመርኩ! እኔ እንዳይደነግጥ ብዬ ደበቅኩ፤ እሱ ክንዱ የሞተ መስሎት፣ ብቻውን ተሸክሞት፣ የባሰውን ቃመ። ስድስት ሳይሞላ ቢቀርስ ኖሮ? ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ፣ ሲነጋ ግን ይሄን ልጽፍ ተነሳሁ።

ውሳኔ፦ 1ኛ፣ ጥናቱ ውስጥ የተለካበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ምን ሲደረግ እንደተለካም ይጻፋል። 2ኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩን ከኔ ቀድሞ አባ ያየዋል፣ ቢከፋም።

እየጠራኝ ነው፣ የጠዋቱን ለክቶ። ላፕቶፑን ይዤለት ልሂድ፣ እንደተከፈተ።