ሰው ሳይሞት የተነፋው ጡሩምባ

ረቡዕ

በቃ፣ ጉድ ፈላ። ዘፈናችንን ትናንት ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው፤ ዛሬ ጠዋት የካዛንቺስ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤት ወጡ። ሰው ግን አልሞተም።

ዘፈኑ የሚጀምረው በሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነው። በሜታል ሮክ ባንዳችን ጊታር የሚመታው ናቲ፣ «አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ በላይ ሜታል የሆነ ድምፅ የለም» ብሎ ጡሩምባ ነፊውን ጋሽ ወልዴን ስቱዲዮ አምጥቶ አስነፋቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነፉ። ከዚያ ድራሙ ይገባል፣ ከዚያ የእኔ ጩኸት። ዛሬ ፀጉር ቤቱ በትልቁ ስፒከር ከፈተው። እናቶቹ ድራሙ እስኪገባ አልጠበቁም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ በራችን ድረስ መጡ። «ማን ነው ልጄ? ማን አለፈብን?»

«ማንም» አልኩ። አላመኑኝም። እማዬ ከውስጥ ሰማች። እማዬ ደግሞ ልቧን ያማታል።

ሐሙስ

የተጻፈልን፦ «እሳት ናችሁ!» «ጠበል ውሰዷት።» «ልጅቷ ጉሮሮዋን ነው የሚያማት?» አንዷ ደግሞ «ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የሰፈሬን ጡሩምባ ሰምቼ አለቀስኩ» ብላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር።

ከሰዓት የእድሩ ዳኛ አቶ ከማል ደወሉ። «እሑድ ስብሰባ አለ። አንቺም ነይ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ሰፈር ውስጥ «ያለ ሞት የተነፋ ጡሩምባ ሰው ይጠራል» እየተባለ ነው። አላምንበትም። ማለቴ፣ አላምንበትም፤ ግን ጠዋት መጀመሪያ ያየሁት የእማዬ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን እድሩ እማዬን እንዳይሰርዛት ነው። አባሏ እሷ ናት፤ የእኔ ጥፋት የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው። በወጣትነቷ የገባችበት እድር ነው። ሲያማት እንኳን «የሚሸኘኝ ሰው አለኝ» እያለች ትጽናናለች። ይህን ከነጠቅኳት ምን ቀራት?

ናቲ ደወለ። «አንቺ! ኦሎምፒያ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ ረዳቱ ራሱ እየጮኸ ነው!» ዘጋሁበት።

ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። «ያ የሚጮኸው እኔ ነኝ።»

«መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስትለማመጂ ከርመሽ፣ ማን ሊመስለኝ ነበር ታዲያ? ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ጥርሷን አሟት ነው› እያልኩ አይደል የከረምኩት!»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«ልብሽስ?»

«እሱንም ይዤው እሄዳለሁ።»

እሑድ

አቶ ከማል ጀመሩ። «ጡሩምባ የሐዘን ነው፤ መጫወቻ አይደለም።» እትዬ ዘውዴ «ልቤ ቀጥ ብላ ነበር!» አሉ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ቤተሰቡ ይሰረዝ!» አሉ። እማዬ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ይቀዘቅዛል።

ጋሽ ወልዴ ተነሱ። «የነፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ሰርዙ። ደግሞ ካነሳችሁት፣ ከእንግዲህ ትንፋሽ የለኝም። ያን ቀንም እያረፍኩ ነው የነፋሁት።»

ሰፈሩ ግማሹ ፈርሷል፣ ወጣቱ ተበትኗል፤ እሳቸውን የሚተካ የለም።

«ትንፋሽ ከሆነ ይቺ አለችላችሁ!» አሉ እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«ሴት ልጅ ጡሩምባ ልትነፋ?» አሉ ከኋላ ያሉት ሰውዬ።

«የጠፋው ትንፋሽ ነው ወይስ ወንድ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አቶ ከማል ፈረዱ፦ ጡሩምባው ከዘፈኑ ይወጣል (ናቲ ሲሰማ ማቅ ይለብሳል)፣ እማዬ አትሰረዝም፣ እኔ ደግሞ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እሆናለሁ።

እፎይ አልኩ። ወደ ቤት መንገድ ስንጀምር ግን ገባኝ። ከእንግዲህ ማንም ሲሞት ሰፈሩን የምጠራው እኔ ነኝ። ማንም።

እማዬም ገብቷታል መሰለኝ። ክንዴን ተደግፋ ቀስ እያለች ስትራመድ፣ «የእኔ ጊዜ ለስለስ አድርገሽ ንፊ፤ ሰው እንዳታስደነግጪ» አለችኝ።

እርምጃዬን በእርምጃዋ ልክ አሳጠርኩ።