ራሱ ማርሽ የሚቀይረው ጂፕ

ይድረስ ለንደን ላለኸው ለልጄ ለብሬንደን። እንደምን ከርመሃል? እኛ በበረሃችን አለን፤ በጎቹን ዘንድሮም ያለአንተ ሸለትን፤ መቼስ ለምደነዋል።

አባትህ የጂፑን ሞተር አውጥቶ የጭነት መኪና ሞተር ገጠመበት። "አዴሌድ ቶሎ ያደርሰናል" ይላል፣ ከተማ የሚጠላው ሰውዬ። ካምቢዮውንም አውቶማቲክ ሲያደርገው ጎረቤታችን መርቪን፣ "አውቶማቲክ የሰነፍ ነው ስትል አልነበር እንዴ?" ብሎ ተረበው።

"በግራ እግሬ ፍሪሲዮን መርገጥ ሰለቸኝ" አለው አባትህ። አልሳቀም። የግራ ጫማው ጫፍ መሬት እየጎተተ አልቋል፤ ሌላ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለኝ።

ትናንት መሪው ላይ አስቀመጠኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ መሪ አስነክቶኝ አያውቅም። "ተለማመጂ፤ ላንቺ እንዲመችሽ ብዬ ነው" አለኝ። እስከ አጥሩ ነዳሁ። ስንወርድ ትከሻዬን ተደግፎ ቆመ።

መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅም፤ መጠየቁ ደከመኝ። ባለህበት አምላክ ይጠብቅህ።

እናትህ ዶሪን