የዱርቤቴዋ ባዝራ

ጥቅምት 12
የፈረስ እንክብካቤ ሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጠዋት ጋጣ ጠረግን፣ ገለባ ቀየርን። ከዚያ ኮቴ ማጽዳት። ከሥሩ ለስላሳ ነገር እንዳለው ማን ነግሮኝ ያውቃል? ስጫነው እንደ ጎማ ይመለሳል። አሠልጣኛችን እትዬ ፀሐይወርቅ፣ «ሲረግጥ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋለት እሱ ነው» አሉ።
«ታዲያ ከአራቱ እግሮቹ ጋር አምስት ልብ አለው ማለት ነው?»
ሳቁ። «እንደዚያ የሚሉም አሉ።»
ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርሁት። ፔዳ ሰፈር ጫማ ቤት አለው። «እኔ የሰው እግር፣ አንቺ የፈረስ እግር... ጀሊላ፣ ከእግር አልወጣንም» አለኝ።

ጥቅምት 15
ከዱርቤቴ አንዲት ባዝራ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ቦራ ይሏታል፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ። የግራ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች አብጧል። ነካሁት፤ ይፋጃል! ጅማቷ ነው አሉ እትዬ። «ቢያንስ ሦስት ወር ጋሪ የለም።»
ባለቤቷ ጋሼ ገድሉ ባለጋሪ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባሯን አሻሹ። ተንከባካቢዋ እኔ መሆኔን ሲሰሙ፣ «አደራ ልጄ። ቤቴን የያዘችው እሷ ናት» አሉኝ።

ጥቅምት 27
ጣና ዳር ውኃ ውስጥ ማራመድ ጀመርን። ደንገሉ በሚያልቅበት፣ እስከ ጉልበቷ። ቅዝቃዜው እብጠቱን ያበርድላታል። አሥር ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ በኮቴዋ እየመታች አበሰበሰችኝ። ደስ ብሏት ነው? ወይስ ጥልቀቱን እየለካች? እትዬም አያውቁም። አላውቅም ሲሉ ደስ ይለኛል።

ኅዳር 6
አታነክስም! እትዬ ግን «ገና ነው» ይላሉ። «ጅማት ለመዳን አይቸኩልም።» ታዲያ እንዴት እንዲህ ደህና ትራመዳለች? ብትሮጥስ?

ኅዳር 8
አደረግሁት። እትዬ ስብሰባ ሄደው ነበር። ገመዷን ይዤ በዳርቻው ሮጥሁ፤ ተከተለችኝ። ስታምር! ሃያ ርምጃ... ሠላሳ። ከዚያ የታመመውን እግሯን ስትረግጥ አንገቷ ብድግ አለ። አንዴ። ሁለቴ። ቆመች።

ኅዳር 9
እግሯ እንደ መጀመሪያው ቀን አብጧል። «ምን ነካት?» አሉ እትዬ። ጋጣ ውስጥ አዳልጧት ይሆናል ልል... አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
«አስሮጥኋት።»
«ለምን?»
«ማየት ፈልጌ።»
እብጠቱን ዳሰስ አደረጉ። «ማየት መፈለግሽ ጥሩ ነው። በሷ እግር ግን አይደለም። ለገድሉ የምትነግሪው አንቺው ነሽ።»

ኅዳር 11
ጋሼ ገድሉ መጡ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኋቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ እግሯ ሥር ቁጢጥ አሉ።
«እኔም ወደዚህ ሳላመጣት ስታነክስ አይቼ ነበር። የመስቀል ገበያ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ጫንኋት። ለማንም አልተናገርሁም ነበር።»
እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቦራ ሣሯን ትበላለች።

ታኅሣሥ 18
ፋሻ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዕረፍት። ዛሬ ተኝታ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ፈረስ ያልማል?

የካቲት 4
እትዬ እግሯን ደጋግመው ዳሰሱት። «ትራመዳለች፤ ትወልዳለች። ጋሪ ግን ከእንግዲህ አትጎትትም።»
የእኔ ሩጫ ነው ወይስ የጋሼ ገድሉ ጭነት? ጠየቅሁ። «ይህን የሚለይ የለም» አሉኝ። አልቀለለኝም።
ጋሼ ገድሉ አንገቷን እያሻሹ ቆዩ። «እንግዲያ ትውለድ። ለጋሪው የወንድሜን ፈረስ እለምናለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሪ ተራችን ላይ የሚያነክስ ሞልቷል። ባለቤቱ ሁሉ አይቶ ዝም ነው፤ ፈረሱ ለአንድ ቀንም ከጋሪው እንዳይፈታበት ይፈራል። ነይና እዪልን።»
«ለእኔ ይነግሩኛል?»
«እኔ የራሴን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አንቺም ያንቺን ንገሪያቸው።»

የካቲት 9
ዱርቤቴ። እትዬም አብረውኝ መጡ፤ ግን ራቅ ብለው ቆሙ። ጋሼ ገድሉ የራሳቸውን ለባለጋሪዎቹ ተናገሩ። ቀጥሎ እኔ። የሳቀ የለም፤ ፈረሱን ያቀረበም የለም። ፈረሶቹ ብቻ ጅራታቸውን ያወናጭፋሉ። በቃ፣ ልንመለስ ነው አልሁ።
ከኋላ አንድ ሽበታም ሰው ፈረሳቸውን እየሳቡ ወጡ። «የኔም... ካነከሰ ሰንብቷል» አሉ ቀስ ብለው። ከኋላቸው ሌላ። ደግሞ ሌላ።
እጅጌዬን ሰብስቤ የመጀመሪያውን እግር አነሣሁ።