ስለ ሞግዚቷ ደመወዝ

ለእህቴ ለናፉላ፣

እትዬ፣ ሰላምታዬ እንደ ዘንድሮ ዝናብ ይብዛልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ በሞምባሳ ሙቀት ትንሽ ቀለል አለልሽ? የባልሽ ሳልስ? ልጆቹስ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ልጄ ናሲሚዩ መሞቷ የተነገረኝ ቀን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ገበያ ውስጥ ባቄላ እየሰፈርኩ ነበር። የባሏ ወንድም ከአውቶቡስ ወርዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። "እናቴ፣ ይቀመጡ" አለኝ። ሌላ ሳይጨምር ገባኝ። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ባቄላው ተበተነ። በወሊድ ነው የሄደችው፤ ሕፃኑ ተርፏል አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ አባትየው ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ፤ ሕፃኑ ዋፉላ እኔ ዘንድ ቀረ። ገበያ ካልወጣሁ አንበላምና ሞግዚት ፈለግሁ። ደላላው ያመጣቸው ሁሉ በወር ሰባት መቶ ሽልንግ፣ እሑድ ዕረፍት፣ ሳሙና ለብቻ ይሉ ነበር። አንዷማ "ሌሊት ካለቀሰ ሒሳቡ ሌላ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቼሮፕ የምትባል ልጅ ከኤልጎን ተራራ ወርዳ ያለ ደላላ መጣች። "ሦስት መቶ ይበቃኛል" አለች። ዕረፍትም አልጠየቀች።

አንቺም ደመወዟን ስትልኪልኝ "ሞግዚት በሦስት መቶ ከየት ተገኘ?" ብለሽ ጽፈሻል። እኔንም የበላኝ እሱ ነበር። ጎረቤቴ የዋንዮንዪ እናት ደግሞ አጥሩን ተደግፋ "በርካሽ የተሸጠች ላም ወይ ትራገጣለች ወይ ወተት የላትም! እስቲ ጠብቂ!" እያለች ጥርጣሬዬን ቆሰቆሰችው።

ነቅቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ከገበያ ስመለስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘዋለሁ። ሳንኳኳ ቶሎ አትከፍትም፤ ስትከፍትም ዓይኗን ትሰብራለች። አንድ ጠዋት የዱቄት ወተቱን በማንኪያ ደልድዬ በላዩ መስመር ሠራሁበት። ሰነበተ፤ መስመሩ ግን እንዳለ ነው። ልጄን በረሃብ ልትገድልብኝ ነው አልኩ። ዋፉላ ግን ይፋፋል። ጉንጩ ሞልቷል፤ እኔ ጡጦ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ይኼኔ የባሰ ፈራሁ። ምን እያበላችው ነው?

ማክሰኞ ዕለት ባቄላዬን ለሰው አደራ ሰጥቼ በጓሮ በኩል መጣሁ። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ጡቷን ሰጥታው እያጠባችው ነበር፤ እንባዋ ግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል።

እየጮኽኩ ገባሁ። "እማማ፣ ወደዚህ ከመውረዴ በፊት ልጄ ሞተብኝ፤ ወተቴ ግን አልደርቅ አለ" አለችኝ። ደመወዙን ለምን እንዳሳነሰች ጠየቅኋት። "ብዙ ከጠየቅሁ ከየት መጣሽ፣ ምን ገጠመሽ ብለው ይመረምሩኛል ብዬ ነው" አለች። ሰፈራችንን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ለቀበረች ሴት የሰው ልጅ አያሳቅፏትም። ሞት በእጇ አለ ይላሉ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስጄ ደሟን አስመረመርኩ፤ ንጹሕ ነው አሉን። የዋንዮንዪ እናት ግን "በሽታ ባይኖርባትስ? ልጅ የቀበረ እጅ ልጅ አያሳድግም። ዛሬውኑ አስወጪያት!" አለች። እኔም እውነት መሰለኝ፤ ቼሮፕን ዕቃሽን ጠቅልይ አልኳት። አላለቀሰችም። ዋፉላን ልትሰጠኝ ዘረጋችልኝ። ልቀበለው ስል የራሴን እጅ አየሁ። እትዬ፣ እኔስ ልጅ አልቀበርኩም?

እጄን ሰበሰብኩ። "መልሰሽ እቀፊው" አልኳት።

እንግዲህ ቼሮፕ እዚሁ አለች። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ሰባት መቶ ይከፈላት፤ የጎደለውን ከባቄላው እሞላለሁ። አልዋሽሽም፣ ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይለቅም፤ አሁንም ስመለስ ደጁ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። በሩ ግን አይቀረቀርም።

ባልሽን በርታ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መንታዎቹ እንዳይጣሉ ንገሪልኝ። አማትሽንም እጅ ንሺልኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ለናሲሚዩ ነፍስ ጸልዪላት፤ ቤተሰቡም ሁሉ ይጸልይላት። ከስሟ ቀጥሎ ኪፕላጋት የሚባል ሕፃን ጥሪልኝ፤ የቼሮፕ ልጅ ነው። እስካሁን ከእናቱ በቀር ስሙን የጠራለት የለም።

እህትሽ ኔኬሳ
ዌቡዬ፣ ኬንያ
ጁላይ 18 ቀን 1999