ወገቡ የሰፋው ቀበቶሽ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? የሆስፒታሉ ሥራ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምታንቀላፊው? ጉልበትሽስ? ጉልበትሽን የጠየቅሁት ለሰላምታ ማሟያ እንዳይመስልሽ፤ መልሱን በጣም እፈልገዋለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነውን ነገር ከታች ታገኚዋለሽ።

ትምህርት ሊዘጋ አምስት ሳምንት ቀረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሄጂ በር ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ የገመዱን ቋጠሮ ዓይንሽን ጨፍነሽ መቋጠር የቻልሽ ዓመት፣ ትምህርት ሲዘጋ ረጅሙን ሸንተረር አብረን እንወጣለን ብለሽኛል። አሁን ጨፍኜ ብቻ ሳይሆን እማዬ እየጮኸችብኝም እቋጥራለሁ። ዕቅዱንም ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እስከ መጠለያው በእግር፣ በሁለተኛው ቋጥኙን በእጅና በእግር እየቧጠጥን፣ በሦስተኛው ማለዳ በገመድ ተያይዘን ሸንተረሩን።

ነገሩ የሸተተኝ አባዬ እሺ ያለ ቀን ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ተራራ የተፈጠረው ለፍየል ነው» ሲል የኖረ ልብስ ሰፊ፣ ባለፈው ሰኞ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተራራ ጥሩ ነው፣ አየሩ ለሳንባ ይስማማል አለ። አባዬ ለሳንባው ሲያስብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በማግስቱ ደግሞ አሮጌውን የብረት ካውያ በከረጢት አዝሎ አራቱን ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ አገኘሁት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ ያልቅና የደረጃውን መደገፊያ የሚመረምር ይመስላል። ካውያው ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው ለደንበኛ ነው አለኝ። እንግዲህ ካውያ ቤት ድረስ የሚያደርስ ልብስ ሰፊ መጣልሽ።

አጎታችንም ገብቶበታል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌራችን ተራራን የሚያውቀው በመስታወት በኩል ቢሆንም፣ በልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ ካርታ ስሎ ስብሰባ ይመራል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ ይላል፤ አባዬም እንደ ጎበዝ ተማሪ ይጽፋል። ስንት ሰው ነው የምንሄደው ብዬ ስጠይቅ ሁለቱንም እኩል ሳል ያዛቸው። እማዬን ብጠይቃት እህትሽማ ትመጣለች፣ ምን ትሆናለች አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ካንቺ ጋር ደረጃ ላይ ቆማ ማውራት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? ልብስ ሰፊ ቤት ነውና ሁሉም አፉን ሰፍቷል።

ሐሙስ ዕለት ግን ተያዙ። የመውጫ ቀበቶሽን፣ ያን ወገብና ጭንሽን ይዞ ከገመዱ ጋር የሚያገናኝሽን፣ ካስቀመጥሽበት ከአልጋዬ ሥር አጣሁት። ያገኘሁት ስፌት ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከአንድ ሙሽራ ሱፍ ሥር ተወሽቆ ነው። ወገቡ አራት ጣት ሰፍቷል። ክሩ በሰም የታሸ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። እኔ ከፊደል በፊት የአባዬን ስፌት ማንበብ የለመድኩ ልጅ ነኝ። የማን ነው ስለው አሁንም የደንበኛ ነው አለ። የደንበኛው ወገብ ስንት ነው ስለው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ የካውያው ልምምድም ያኔ ገባኝ።

አንቺ የምትመጪ ከሆነ ቀበቶሽ ለምን ይሰፋል? ወፍረሽ እንዳልል በላክሽው ፎቶ ላይ ጭራሽ ከስተሻል።

መርፌ የነካው ቀበቶ አይታመንም ብዬ ስነግረው አባዬ አኮረፈ። በሃያ ስምንት ዓመት ስፌቴ የተተረተረበት ሰው ካለ አምጪልኝ አለ። አብረን የመውጫ ዕቃ ወደሚያከራየው የተራራ መሪ ሄድን። ሰውዬው ስፌቱን አገላብጦ አየና፣ ሱሪዬን ቢሰፉልኝ ደስ ይለኛል፣ በዚህ ግን ድመትም አላንጠለጥል አለው። አባዬ ቀበቶውን ጠቅልሎ ወጣ። መንገዱ መሃል ላይ ቆም ብሎ፣ «ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል» አለኝ።

ስለዚህ ትልልቆቹን መጠየቅ ትቼ አንቺን እጠይቃለሁ። ፈቃድ ከልክለውሽ ነው? እንዳላለቅስ ፈርታችሁ ከሆነ ማልቀሱን ቀድሜ ጨርሼዋለሁ። የምትመጪ ከሆነ ያንቺው ሞቷልና ሌላ ቀበቶ ከዚያው ገዝተሽ ነይ። የማትመጪ ከሆነ ግን በእማዬ አፍ ሳይሆን በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። ለማንኛውም አባዬን ቋጠሮውን ማስተማር ጀምሬያለሁ። አትቀየሚኝና እጁ ካንቺ ይፈጥናል። ችግሩ በቋጠረ ቁጥር የተረፈውን ገመድ በጥርሱ ሊበጥስ ጎንበስ ማለቱ ነው።

እማዬ ሁለቱንም ዓይንሽን ስማለች። አጎታችን መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እያየሽ ብሎሻል፤ አሁንም አምስት ዓመትሽ ነው ለእሱ። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። አባዬ እጅግ ሰላም ብሎሻል፤ ደግሞ አዲስ ቀበቶ ልገዛላት ነውና የወገቧን ልክ ትላክ ብሏል። ለዘንድሮ ነው ለከርሞ ብዬ ብጠይቀው መቀሴን ልፈልግ ብሎ ተነሣ። መቀሱ እጁ ላይ ነበር።

ነገረኛዋ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለው ክፍል፣ ቅዳሜ ግንቦት 16