ለማኅበርተኛ የተካፈለ እንክብል

ለልጄ ለመቅደስ፣ ሐዋሳ

ከፋብሪካው ጩኸት ጆሮሽን፣ ከከተማው ሰው ልብሽን አምላክ እንዲጠብቅልኝ እየለመንኩ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ማለትን ደግሞ እኔ መሪጌታው በዜማም እችልበታለሁ።

እናትሽን እያዞራት ቢያስቸግራት ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ወስጄ ደሟን አስመረመርኩ። ወረቀቱ ሰባት ይላል፤ አሥራ ሁለት መሙላት ነበረበት አሉ። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ የተረጎምኩ ሰውዬ አንዲት ቁጥር ለማስተርጎም ሲስተር ዕፀገነትን ደጅ ጠናሁ። "ደማቸው ውስጥ ብረት አንሷል" ብላ የሦስት ወር እንክብል ሰጠችን።

በሦስተኛው ወር ስንመለስ ያው ሰባት ነው።

"እማማ፣ እንክብሉን ይውጡታል?"

"እውጣለሁ እንጂ። ለማኅበርተኞቼም አካፍያለሁ፤ እነሱንም ያዞራቸዋል። ዓይናቸው እያየ ብቻዬን ልዋጥ?"

ሲስተርም እኔም ሳቅን። እንደገና ተሰጣት። በዚህኛው ዙር ሻይ ከልክዬ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ እስክትውጥ ከፊቷ የምቆም ዘበኛ እኔው ሆንኩ። አንዲት ፍሬ ከቤት አልወጣችም።

ባለፈው ሰኞ ወረቀቱ ስድስት አለ። ሲስተር አልሳቀችም። "ደሙ በየት እንደሚሄድ ይታይ" ብላ ለጎንደር ሆስፒታል የታሸገ ደብዳቤ ጻፈችልን።

እናትሽ ለሠርግሽ የፈተለችውን ለሸማኔ ሰጥታለች። "ሠርጉ መቼ ተቆረጠ?" ብላት "ተሠርቶ ቢቀመጥ ምን ይላል?" አለችኝ።

ማኅበርተኞቿ በየስማቸው ሰላም ብለውሻል። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ለእኛ ብለሽ ከሥራሽ እንዳትቀሪ። ብቻ እስከ ጥምቀት አትቆዪ።

አባትሽ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል