ስም የለሹ ዘርና ነጩ ሳፋ

ይድረስ ለማከብርዎ ለወንድም ጋሼ ሹንሊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? የፋብሪካው ሙቀት አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? እትዬ ሩዪንንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን። እናታችን ሁለት ሳህን ሩዝ እየበሉ እኔን ይሰድባሉ፤ ስለዚህ ጤነኛ ናቸው። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቱን ከአርባ ሁለት ሴቶች አንደኛ ሆኜ ጨረስኩ፤ ሁለተኛዋ አትስማ እንጂ እኩል ነን።

አሁን ሳይቆጡ ያንብቡ። በዘር ወቅት አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት ዘር ይዞ መጣ። «እቴ፣ አገዳ ቆርቁር የሚሉት ትል ይህን ሩዝ ቀምሶ አይተርፍም፤ የመድኃኒት መርጫሽ ላይ ዶሮ ይደርበት» አለኝ። ከረጢቱን ባገላብጠው አንድ ፊደል የለበትም። «ስሙ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማንበብ የተማርሽው እኔን ልትመረምሪ ነው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አፍሬ ገዛሁ። የዘራሁት ግን እናታችን ቀለባቸውን በሚያገኙበት በእርስዎ የታችኛው ማሳ ላይ ነው። ለራሴ ማሳ ፈራሁለት።

እውነቱን ለመናገር ቆርቁሩ ድርሽ አላለም። አንዴም ሳልረጭ መንደሩን በፉከራ አደነቆርኩት። ሩዙ ሊያብብ ሲል ግን ነጩን ሳፋ ከሥሩ ደግኜ አገዳውን ባራግፈው፣ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቡናማ ጭማቂ መጣጭ ተባዮች ረገፉ፤ አርባ ሦስት! እነዚህ ከበዙ ማሳው እሳት እንደበላው ደርቆ ይቀራል። ጎረቤታችን ቹንሜ «እነሱ በየዓመቱ በነፋስ ይመጣሉ፤ ዘሩ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች። በእኔ አሮጌ ዘር ላይም ሠላሳ ቆጥሬያለሁ። ቢሆንም ልቤ አላመነውም። ሳፋው ውስጥ እነሱን የሚበሉ ሸረሪቶችም ነበሩ፤ አራት። ብረጭ ቀድመው የሚያልቁት ሸረሪቶቹ ናቸው፤ ባልረጭ ደግሞ የእናታችን የዓመት ቀለብ ያሰጋኛል።

ትናንት ሰውየው ወረቀት ይዞ ተመለሰ። «አሻራሽን አድርጊበት፣ የከርሞው ዘር በነፃ ነው» አለኝ። አነበብኩት፣ ጋሼ! «ማሳዬ ውስጥ አንድም ተባይ የለም» ይላል። ሳፋውን ከነመጣጮቹ አምጥቼ ጫማው ላይ ደፋሁለት። «እኔ ያልኩት ቆርቁር ነው!» ብሎ ጮኸ። «እንግዲያው እሱን ጻፍ፤ የዘሩንም ስም ጨምርበት፤ እኔም በስሜ እፈርማለሁ» አልኩት። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት መጣጮቹ ሠላሳ ስምንት፣ ሸረሪቶቹ ዘጠኝ ሆነዋል። ሳልረጭ አምስት ቀን እጠብቃለሁ። ማሳዎ ከተቃጠለ የላይኛው ማሳዬ ምርት የእርስዎ ነው። በእናታችን ፊት ምያለሁ፤ አሁን ደግሞ ጽፌዋለሁ።

እትዬ ሩዪንን ሰላም በሉልኝ፤ ትንሿን ሊንሊንን ጉንጯን ሳሙልኝ። እናታችን «ይብላ፣ ይተኛ» ብለዋል። ቹንሜም ሰላም ብላለች፤ ማሳዎን ስሰልል አይታ «ሌባ ጠባቂ» የምትለኝ እሷ ናት።

እህትዎ ሚያው ሄኋ
በአሻራ ሳይሆን በእጄ የፈረምኩ

ሊዩጃዋን መንደር፣ ሁቤይ
በዶሮ ዓመት፣ ሰባተኛው የጨረቃ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን